የንፋስ ቤት በእታለማሁ ግቢ

እታለማሁ ሰው አታምንም። ይህን ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያ በኩልም ሆነ ከኬላው ማዶ፣ የማያውቅ የለም። ሆቴሏ ቁርስ የሚበላ ሹፌር ሳይከፍል ሹልክ እንዳይል በር ላይ ወንበር አውጥታ ትቀመጣለች፤ ቶሎ ከከፈለ ደግሞ "ምን አስቸኮለው?" ብላ ማንኪያዎቿን ልታይ ትነሳለች። ሥጋ ሻጩ አጥንት ይደብቅብኛል፣ ዱቄት ሻጩ ሚዛኑን በጣቱ ይጫንብኛል ባይ ናት። ቄሱ እንኳ በጸሎት የእሷን ስም ሲጠሩ ከሌላው ሰው ስም ይልቅ ፈጠን ይሉብኛል ብላ ትታዘባቸዋለች።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። ከደጋ አገር ወደዚህ ጠረፍ ያመጣት ባሏ ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ኬላውን ተሻግረው ሁለት ክፍል ተከራይተው፣ እሷ ምግብ ስትሸጥ እሱ ወደ ናይሮቢ ሲመላለስ፣ ልጃቸው ወይንሸት ገና ዳዴ ትል ነበር። አንድ ቀን "ዓርብ እመለሳለሁ" ብሏት ወጣና የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። መኪናው ተገልብጦበት ይሆናል፣ ሽፍታ አግኝቶት ይሆናል እያለች ስታለቅስ ከረመች። በኋላ ኢሲዮሎ የምትባል ከተማ ላይ ሌላ ትዳር ይዞ፣ ወፍሮና አምሮበት እንዳየው አንድ የሥራ ባልደረባው ነገራት። ያን ቀን እንባዋን ጠረገች፤ ከዚያ ወዲህ የሰውን ቃል እንደ ቃል ቆጥራ አታውቅም። መቼም እውነቱን መሸሸግ አይገባም፤ ሆቴሉን ያቆመላት ይኸው ጠባይዋ ነው። እዚያች ከተማ ሰው አምነው ባዶ እጃቸውን የቀሩ ነጋዴዎች ሞልተዋል። እሷ ግን ግቢውን የራሷ አደረገች፣ ክፍሎች ጨመረች፣ ወይንሸትንም አስተማረች።

ወይንሸት ናይሮቢ ሥራ ስታገኝ ሴት ልጇን ቤዚን እናቷ ዘንድ ተወቻት። "እማዬ፣ አደራ" አለች አውቶቡስ ልትሳፈር ስትል። አደራ የሚለው ቃል ለእታለማሁ ቀላል ነገር አይደለም። ቤዚ ደግሞ አያቷን ለማስጨነቅ የተፈጠረች ይመስል ሰው ሁሉ ወዳጇ ነው። የማታውቀው ሰው ብስኩት ሲሰጣት ትበላለች፤ የቦዳ ቦዳ ነጂ ሞተሩ ላይ ሲያስቀምጣት ትስቃለች፤ እንግዳ ሰው "ስምሽ ማነው?" ሲላት ስሟን ከነአያቷ ገመና ትነግረዋለች። እታለማሁ ቀኑን ሙሉ ከኋላ ከኋላዋ ናት። በምድር ላይ የማትጠረጥራት ፍጡር ብትኖር ይህች ልጅ ብቻ ናት፤ እሷ አንድ ነገር ከምትሆንባት ሆቴሉ ከነዕቃው ቢቃጠል ትመርጣለች።

የጎረቤቷ የጎሎ ነገር ሌላ ነው። ጎሎ የቦረና ሰው፣ የከብትና የፍየል ነጋዴ ነው፤ አጥራቸውም አንድ ነው። ይህ አጥር ቀስ እያለ ወደ ግቢዋ ይገባል ብላ ታምናለች። አጥሩ ሲራመድ ያየ ሰው የለም፣ እሷ ግን ታውቃለች። ጎሎ ቢምልላት፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ቢለካላት አልተዋጠላትም። በበዓል ወተት ሲልክላት ለድመቷ አቅምሳ እስክታይ ድረስ አትነካውም። በመጨረሻ ግቢዋን ከጥግ እስከ ጥግ ስሚንቶ አስለበሰችው፤ አጥሩ ክንድ ያህል ቢንቀሳቀስ ስንጥቁ ይታየኛል ብላ ነው። ጎሎ ያን ቀን አጥሩን ተደግፎ ሲያይ ቆየና "እታለማሁ፣ ዝናብ ሲመጣ መሬትሽ በየት በኩል ይጠጣል?" አላት።

"ዝናቡን አንተ ነህ የምታመጣው?" አለችው።

ዝናቡም አልመጣ። የዚያን ዓመት ድርቁ ጠናና ከጎልቦ ቆላና ከኡራን ወደ ከተማው የሚነዱ ከብቶች መንገድ ላይ እየወደቁ ቀሩ። ውሃ በአህያና በቦቴ የሚሸጥ ሆነ። እታለማሁ የሮቶዋን ክዳን በቁልፍ ቆለፈች፤ ቁልፉን ከራሷና ከወጥ ቤት ሠራተኛዋ ከዋሪቱ በቀር የሚነካው የለም፤ ለዋሪቱም ሕግ አወጣች። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ውሃ የያዘ ጄሪካን ደጅ እንዳይገኝ፣ ያለው ሁሉ ወደ ሮቶ ይገልበጥ። ዋሪቱ ብዙ ዓመት አብራት የኖረች፣ የታዘዘችውን የምትሠራ፣ ለምን ብላ የማትጠይቅ ሴት ናት። እዚያ ቤት ለምን ማለት ምን እንደሚያስከትል አሳምራ ታውቃለች።

በዚያው ሰሞን አስፋልቱ ከናይሮቢ ሞያሌ ገባ፤ አስፋልቱንም ስንትና ስንት ነገር ተከትሎት መጣ። ጆሴፍ አንዱ ነው። ፒክአፑ ላይ የተጠቀለለ ሸራ ጭኖ ከከተማ ከተማ የሚዞር ወጣት ነው። ሸራው በሞተር ሲነፋ ቤት ያህላል፤ ቀይና ሰማያዊ ግንብ አለው፣ መንሸራተቻ አለው፣ ልጆች ውስጡ ሲዘሉ ይውላሉ። ከደጋ የመጡት ነጋዴዎች ለገና በዓል ለልጆቻቸው ሊከራዩት ተስማሙ። ነገሩን የያዘው ባለሱቁ ፈቃደ ነበር። ግቢ ሲፈለግ ሰፊው የእታለማሁ ነው ተባለና ፈቃደ ሰውየውን ይዞት መጣ።

ጆሴፍ በሩን እንዳለፈ ስሚንቶውን በጫማው መታ መታ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። አማርኛውን ገበያ ለገበያ ለቃቅሞ ነው የተማረው፤ ሴትን የሚጠራት ግን እንደ ኬንያ ሰው በልጇ ስም ነው።

"ማማ ወይንሸት፣ እዚህ አይሆንም። የኔ ካስማ ብረት ነው፣ ረጅም ነው፣ አፈር ይፈልጋል። ንፋስ ሲመጣ እሱ ነው የሚይዘው። የዚያ ሰውዬ ግቢ ግን አፈር ነው" አለና በአጥሩ በላይ የጎሎን ግቢ አሳያት።

ነገሩ ለእታለማሁ ወዲያው ፍንትው አለላት። ይህ ሰው ከአጥሩ ማዶ ካለው ጋር ተመካክሮ ነው የመጣው። የበዓሉ ሰው ሁሉ ጎሎ ግቢ ሊሰበሰብ፣ ሻዩንም ለስላሳውንም ጎሎ ሊሸጥ፣ እሷ ግን በአጥር ቀዳዳ ልታይ ነው። "በየት አገር ነው ንፋስ ቤት የሚያነሳው?" አለችው።

"ይሄ ቤት አይደለም፣ ማማ። ሸራና አየር ነው። የሚይዘው ነገር ከሌለ ይነሳል። ልጅ ውስጡ ካለ ልጁን ይዞ ነው የሚነሳ። እኔ አንድ ቦታ አይቻለሁ።" የመጨረሻዋን ነገር ሲል ድምፁ ዝቅ አለ።

እታለማሁ ድምፁ ዝቅ ማለቱን ልብ አለች። ውሸታም ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው አለች በሆዷ። "ሌላ መያዣ የለውም?"

ጆሴፍ ትንሽ አሰበ። "ክብደት አለ። ጄሪካን፣ ማጂ፣ ውሃ የሞላ፣ ብዙ። በየቀለበቱ እናስራለን። ግን ሙሉ መሆን አለበት፣ ማማ። ግማሽ ከሆነ አይሠራም።"

ዞሮ ዞሮ ውሃዋ ላይ መጣ። በዚያ ድርቅ ያን ያህል ጄሪካን ውሃ ፒክአፕ ላይ ጭኖ ውልቅ ቢል ማን ይደርስበታል? ቢሆንም በዓሉ ጎሎ ግቢ ከሚገባ ይህ ይሻላታል። "እሺ" አለች። "ውሃው የኔ ነው። ከሞላ በኋላ ግን እጁን ወደ ጄሪካኑ የሚያስጠጋ ሰው እንዳላይ። አንተም ብትሆን።"

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሸራው ተዘረጋ። ዋሪቱ ጄሪካኖቹን ከሮቶው ሞላች፤ ጆሴፍ በየቀለበቱ አሰራቸው። ሞተሩን ከእሷ መስመር ልሰካ ቢላት ቆጣሪዬን ልታስሮጥብኝ ነው ብላ ስለከለከለችው የራሱን ጄኔሬተር አስነሳ። ቤቱ እየተንጠራራ ተነስቶ ቆመ፤ ቤዚም ካልገባሁ ብላ አለቀሰች። ጆሴፍ ሙከራውን ሲጨርስ አየሩን አውጥቶ ሸራውን ከነገመዱ ባለበት አስተኛው። እታለማሁ ፒክአፑ ባዶውን መውጣቱን ጎንበስ ብላ እስከ ወንበሩ ሥር አይታ በሩን ቆለፈችና ልጅቱን ልታጥብ ገባች።

በገና ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከሰውም ከቤትም በፊት ያየችው ጄሪካኖቹን ነው። ሁሉም አሉ። ክዳናቸው ተከድኖ፣ ቢጫ ቢጫቸውን በየገመዳቸው ቆመዋል። ማንም አልነካቸውም ብላ ደስ አላት። ጆሴፍ ቤቱን ነፍቶ ገመዶቹን ሲያይ ቆየና አንዱን ጄሪካን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለችው ከወጥ ቤቱ በር።

"ልፈትሸው፣ ማማ። ሙሉ መሆኑን ላይ።"

"ትናንት በዓይንህ እያየህ አይደል የተሞላው? ካንተ በቀር ባዕድ ሰው እዚህ ግቢ አልገባም። እጅህን ሰብስብ።"

ጆሴፍ ቀና አለ። ሰው ፊት ሌባ እንደተባለ ሰው ፊቱ ጠቆረ። ቋጠሮዎቹን ብቻ በዓይኑ አይቶ ተወው። እታለማሁ ደግሞ ሌባ ባይሆን ምን አስኮረፈው አለች።

ልጆቹ አዲስ ልብሳቸውን እንደለበሱ ገቡበት። እናቶቹ በረንዳው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ የልጅ ነገር ያላሰጋት እናት አልነበረችም፣ ግን "እታለማሁ ሳትፈትሽ የምታሳልፈው ነገር የለም" ተባብለው ተረጋጉ። እውነትም ወንበሯን በንፋሱ ቤትና በፒክአፑ መካከል አድርጋ ተቀምጣለች። ዓይኗ ከጆሴፍ አይነቀልም። እሱ ወደ መኪናው ሲሄድ አብራው ትዞራለች፣ ሲመለስም አብራው ትመለሳለች። ቤዚ ከመንሸራተቻው አናት ላይ ሆና "እምዬ፣ እይኝ" ስትላት እንኳ "አየሁሽ" የምትለው ጆሴፍን እያየች ነው።

ከቀትር በኋላ የመንገዱ አቧራ ብድግ ብድግ ማለት ጀመረ። ጆሴፍ የጄኔሬተሩን ቤንዚን አየና ሊገዛ ሲወጣ አጠገቧ ቆመ። "ማማ፣ ንፋሱ ከበረታ ልጆቹን አውርጂ። እኔን አትጠብቂ።"

እታለማሁ አንገቷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ግን አልነበረም። የሙሉ ቀን ኪራይ ተስማምቶ በግማሽ ቀን ጠቅልሎ ሊሄድ ነው፣ ሰበቡን ከወዲሁ እያበጀ ነው አለች። እስከ መንገዱ ተከትላ ወደየት እንደታጠፈ አየች፤ ስትመለስ በሩን ሳትዘጋው ቀረች።

ብዙም ሳይቆይ ጎሎ በአጥሩ በላይ ብቅ አለ። ነጠላ ጨርቁ ትከሻው ላይ ይርገበገባል። "እታለማሁ፣ በጎልቦ በኩል ሰማዩ ቀልቷል። ንፋሱ አሁን እዚህ ይደርሳል። ልጆቹን አውጪ።"

ሁለት ሰው አንድ ነገር ሲነግረው ሌላ ሰው ቢሆን እውነት ነው ይላል። እታለማሁ ተማክረዋል አለች። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ያስፈራራል፣ ከዚያ "ኑ እኛ ጋ፣ የኛ አፈር ነው" ሊባል ነው። "ጎሎ፣ አንተ ፍየሎችህን ጠብቅ" አለችው።

"ፍየሌን ልጠብቅ፤ ልጅ ግን ፍየል አይደለም" አለ ጎሎ። አጥሩን ትቶ አልሄደም። አለመሄዱም አናደዳት፤ ምን ሊያይ ነው የቆመው?

ቤቱ አንድ ጊዜ ነቅነቅ አለ። ልጆቹ የጨዋታው አንድ ክፍል መስሏቸው በሳቅ ፈነዱ። ከእናቶቹ አንዷ ነጠላዋን እየያዘች "እታለማሁ፣ ይቁም ይሆን?" ብትላት "ባለቤቱ ሳይኖር እንዳትነኩት" ብላ መለሰችላት። ብንነካው ተበላሸ ብሎ ካሣ ይጠይቃል፣ ነገሩ ይህ ነው ብላ ነበር የምታስበው።

በዚህ መሐል ከጎሎ ፍየሎች አንዷ ከመንጋው ሾልካ ክፍት በቀረው በር ገባች። በድርቅ ጊዜ ፍየል ውሃ የነበረበትን ዕቃ ታውቃለች። ቀጥ ብላ ወደ አንዱ ጄሪካን ሄደች፣ ክዳኑን ዙሪያውን ላሰችው፣ ከዚያ በግንባሯ ገፋ አደረገችው። እታለማሁ ልታባርራት ከወንበሯ ብድግ አለች። ጄሪካኑ ወደቀ። ወድቆም አልረጋ፤ ንፋሱ አገኘውና ገመዱ እስኪይዘው ድረስ ስሚንቶው ላይ እየተንከባለለ ሄደ።

ውሃ የሞላ ጄሪካን ለማንሳት ጎልማሳ ሰው ወገቡን ይይዛል። ፍየል አትጥለውም። እታለማሁ አጠገቧ ያለውን ሌላውን ጄሪካን ያዘች፤ እንደ ባዶ ቅርጫት ብድግ አለ። የሚቀጥለውም እንዲሁ። 

"ውረዱ፣ ሁላችሁም ውረዱ" ብላ ጮኸች። እናቶቹ ከወንበራቸው ከመነሳታቸው በፊት ጎሎ አጥሩን በጉልበቱ ጥሶ ገብቶ ነበር። ንፋስ በሚገባበት በኩል ያለውን ገመድ በሁለት እጁ ያዘና ወደ ኋላ ተለጠጠ። እታለማሁ እስከ ወገቧ ገብታ ያገኘችውን ልጅ በእግሩም በቀሚሱም እየጎተተች ወደ ኋላዋ ታቀብላለች። ሁሉም ወጡ፣ አንድ ሲቀር። ቤዚ መንሸራተቻው አናት ላይ ናት።

"ቤዚ፣ ነይ። አሁኑኑ ነይ።"

"አንድ ጊዜ ብቻ፣ እምዬ" አለች ልጅቱ እየሳቀች።

ንፋሱ ደረሰ። ከሥሩ ገባና የቤቱን አንድ ጎን ከስሚንቶው አላቀቀው። ገመዱ የጎሎን መዳፍ ልጦት አመለጠ። ቤቱ በጎኑ ቆመ፣ ቤዚም ከአናቱ ተወርውራ ስሚንቶው ላይ ወደቀች። ሸራው በላይዋ አልፎ፣ ባዶ ጄሪካኖቹን እያንኳኳ ተንከባለለና በፈረሰው አጥር በኩል ጎሎ ግቢ ገብቶ እሾኽ ላይ ተቀደደ።

ልጅቱ አልተንቀሳቀሰችም። እታለማሁ ባሏ የቀረ ጊዜም፣ ከዚያም ወዲህ፣ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። እዚያው አጠገቧ ተንበረከከች። ከዚያ ቤዚ ትንፋሿን ሳበችና አለቀሰች፤ ያ ለቅሶ ለአያቷ ምሥራች ነበር። ክንዷ ግን መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጥፏል።

ጆሴፍ ቤንዚኑን ይዞ እየሮጠ ሲገባ ፈቃደ አንገቱን አነቀው። "ጄሪካኖቹ ባዶ ናቸው። ውሃውን ለማን ሸጥከው?" ሰው ከበበው፤ ከኋላ የሚገፋም ነበር። እታለማሁም ያንኑ ልትል አፏን ከፍታለች። ዋሪቱ ቀደመቻት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከወጥ ቤቱ ወጣች።

"እትዬ፣ ውሃው ሮቶ ውስጥ ነው" አለች። "ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ እኔ እንደታሰረ ወደ ባልዲ እያጋደምኩ ገለበጥኩት። ጄሪካኑን የሰውየው ቋጠሮ እንዳይፈታ ብዬ ቦታው ላይ ተውኩት። አንቺ አይደለሽ ውሃ ደጅ አይደር ያልሽኝ?"

ይህን ስትል ልትከሳት ፈልጋ አልነበረም፤ የታዘዘችውን በደንብ እንደሠራች ነው የተናገረችው። እታለማሁ ዙሪያዋን አየች። አንድ የምትጠረጥረው ሰው ፈለገች። ጆሴፍ ልፈትሽ ብሎ ነበር፣ ከልክላዋለች። ጎሎ አውጪ ብሎ ነበር፣ ሰድባዋለች። ዋሪቱ የታዘዘችውን ነው የሠራችው። ሌላ ሰው አልነበረም።

"ልቀቀው፣ ፈቃደ" አለች። "እኔ ነኝ።"

ሐኪም ቤት የሄዱት በጆሴፍ ፒክአፕ ነው። ጎሎ ልጅቱን ታቅፎ ከኋላ ተቀመጠ፤ እጁ እየደማ ክንዷን እንዳይነቃነቅ ደግፎ ያዘላት፣ መንገዱን ሁሉ ስለ ፍየሎቹ ስም እያወራ አቆያት። ክንዷ በጄሶ ታሰረ። ጭንቅላቷ ደህና ነው፣ ተርፋለች ተባለ። ወይንሸት ከናይሮቢ ደወለችና "ማነው ልጄን እንዲህ ያደረጋት?" አለች፤ የእናቷ ልጅ ናት። "እኔ ነኝ" አለች እታለማሁ። ወይንሸት ስልኩ የተቆራረጠ መስሏት ደግማ ጠየቀቻት። "እኔ ነኝ አልኩሽ፣ ልጄ" አለች እናቷ። ቤዚ አጠገቧ ሆና ትሰማ ነበር።

ሲወጡ ጆሴፍ፣ ጠብቅ ያለው ሰው ሳይኖር፣ መኪናውን በር ላይ አቁሞ እየጠበቀ ነበር። የፒክአፑ ጀርባ ከፍ ያለ ነው። እታለማሁ ቤዚን ከኋላዋ በብብቷ ሥር ያዘቻት። "ውጪ፣ የኔ እናት። አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ።"

ቤዚ እግሯን አላነሳችም። ዞር አለችና የአያቷን ፊት ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። በዚያች ልጅ ፊት ላይ እንዲህ ያለ አስተያየት ታይቶ አያውቅም። ከዚያ በደህናው እጇ ወደ ጎሎ ጠቆመች።

"አባባ ጎሎ ይያዘኝ" አለች።

ጎሎ በፋሻ የተጠቀለሉ መዳፎቹን አየ፣ ቀጥሎ እታለማሁን አየ። እሷ እጆቿን ከልጅቱ ላይ አነሳችና ገለል አለችለት።